ላሊበላ በየት በኩል ይገባል? አውሮፕላን፣ ባሕር ዳር፣ ኮምቦልቻ ወይስ አውቶቡስ

ጥቅምት ሲገባ ስልኬ ላይ አንድ ጥያቄ መደጋገም ይጀምራል። «ዘንድሮ ገናን ላሊበላ ነን፤ በምን ብንሄድ ይሻላል?» አንዷ እናቷን ይዛ ልትሳለም ነው። አንዱ ከዋሽንግተን ለሦስት ሳምንት መጥቶ ለልጆቹ ሊያሳይ ነው። ሌላው ካሜራውን ያነገተ፣ ጊዜ የተረፈው፣ ብር ያጠረው ነው። ሁሉም ቁርጥ ያለ አንድ መልስ ይፈልጋሉ። እኔ ደግሞ መልሼ እጠይቃቸዋለሁ። «መቼ መመለስ አለባችሁ?»

ቀልድ አይደለም። ወደ ላሊበላ በመደበኛ ፕሮግራም የሚበረው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ይሄኛው ድርጅት ይረክሳል፣ ያኛው ሰዓት ያከብራል የሚባል ነገር እዚህ አይሠራም። ምርጫው በየትኛው በር ገብቶ በየትኛው መውጣት ነው። እስካሁን ካየሁት፣ መግባቱ ብዙም አያስቸግርም። ሰው የሚጉላላው ሲወጣ ነው። መመለሻችሁ ላይ የአንድ ቀን ትርፍ ካላችሁ ሁሉም አማራጭ ይሠራል። ከሌላችሁ ምርጫው ወዲያው ይጠባል።

መጀመሪያ አየር ማረፊያው

የላሊበላ አየር ማረፊያ ላሊበላ ውስጥ አይደለም። ከከተማው ዝቅ ብሎ ሹምሸሃ በሚባለው ሜዳ ላይ ነው ያለው። ከተማው ድረስ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሜዳው ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ሲሆን ከተማው ደግሞ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጧል። ከአውሮፕላን ወርዳችሁ ሞቅ ያለ አየር ሲቀበላችሁ «ጃኬቱን በከንቱ ተሸከምኩ» ትላላችሁ። ከ40 ደቂቃ በኋላ ከተማው ስትደርሱ ታወጡታላችሁ።

ሕንፃው ትንሽ ነው። ግርግር የሚባል የለም። በረራ በሚገባበት ሰዓት የሆቴል ሚኒባሶች ተደርድረው ይጠብቃሉ። የሆቴል ስም የያዙ ልጆች ገና በሩን ሳትወጡ ይጠሯችኋል። በረራው ሲሄድ ግቢው ጭር ይላል። ይህን ልብ በሉ። ቀድማችሁ መኪና ካልያዛችሁ፣ ከሚኒባሶቹ ጋር ሳትስማሙ ከቆያችሁ፣ ቦሌ በር ላይ እንዳለው ታክሲ እየተቀባበለ የሚወስዳችሁ የለም።

ይህ ሜዳ ብዙ አይቷል። አስፋልት ሳይለብስ በፊት ክረምት ሲገባ በረራው ይቋረጥ ነበር። በኋላ ማኮብኮቢያው ተሠራ፤ ፎከር 50 መጣ። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ኪው 400 የሚባለው፣ 70 ምናምን ሰው የሚጭነው ባለፕሮፔለር አውሮፕላን አገልግሎቱን ተረከበ። ቱሪስቱ ከባሕር ዳር ጎንደር፣ ከጎንደር ላሊበላ፣ ከላሊበላ አክሱም እያለ እንደ ከተማ አውቶቡስ የሚዘልበት ዘመን ነበር። አንድ ሳምንት ይዞ መጥቶ አራቱንም አይቶ ይመለሳል።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ከኮሮና በኋላ ጦርነት። ሐምሌ 29 ቀን 2013 ከተማዋ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገባች፤ እስከ ታኅሣሥ 2014 ድረስ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትዘዋወር ቆየች። በሐምሌ 2015 መጨረሻ ደግሞ በፋኖ ታጣቂዎችና በመንግሥት ኃይሎች መካከል ውጊያ ተነስቶ አየር ማረፊያው ራሱ በታጣቂዎቹ እጅ ገብቶ ነበር። በረራው ቆመ። በኋላ ተመለሰ። ይህን የማወራው ፖለቲካ ለማንሳት አይደለም። «ባለፈው ዓመት በየቀኑ ነበር» የሚል ጓደኛ ምክር ለዘንድሮ እንደማይሠራ ለማሳየት ነው። የበረራው ቁጥር፣ ቀኑና የሚያልፍበት ከተማ እንደ ወቅቱ ይቀያየራል። አንዳንዴ ቀጥታ ነው፤ አንዳንዴ ሌላ ከተማ ነክቶ ያልፋል። የአራቱ ከተሞች ዝላይም እንደ ድሮው በደፍረት የሚቆጠርበት አይደለም። የአክሱም አየር ማረፊያ በጦርነቱ ተጎድቶ ወደ ሥራ የተመለሰው በሰኔ 2016 ነው። ስለዚህ ከላሊበላ ወደ ሌላው ከተማ ለመሄድ አዲስ አበባ ተመልሶ እንደገና መነሳት ሊኖር ይችላል። ትኬት ስትፈልጉ ይህን ቀድማችሁ አስቡት።

ቀጥታ በረራ፦ ለአብዛኛው ሰው መልሱ ይኸው ነው

ልሸፋፍነው አልፈልግም። አቅሙ ካላችሁና ቀኑ ከተገኘ፣ በአሁኑ ጊዜ እኔ ለዘመዶቼ የምመክረው ይህን ነው። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ቦሌ ቀድሞ መድረሱን፣ ሻንጣ መጠበቁን፣ ከሹምሸሃ ሽቅብ መውጣቱን ደምሩበት፤ ከቤት እስከ ሆቴል ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይሆናል። ጠዋት ወጥታችሁ ምሳችሁን ላሊበላ ትበላላችሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቤተ መድኃኔዓለምን ጀምሩ።

አውሮፕላኑም ደስ ይላል። የኪው 400 ክንፍ ከላይ ነው። ስለዚህ መስኮት ዳር የተቀመጠ ሰው ሁሉ መሬቱን ያያል፤ በክንፍ የሚጋረድ የለም። ሞተሩ አጠገብ ከተቀመጣችሁ ደግሞ ጎማው ከሞተሩ ሆድ ውስጥ ሲወጣ ፊት ለፊት ታዩታላችሁ። ልጆች ይህን በጣም ይወዳሉ። ፈሪ ሰው ግን እዚያ አታስቀምጡ። ከላይ ያለው የዕቃ መደርደሪያም ጠባብ ነው። ትልቁ የእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ደረጃው ሥር ተቀብለው ከሌላው ጭነት ጋር ያስገቡታል። መድኃኒትና ፓስፖርት በትንሿ ቦርሳ ይሁን።

አሁን ወደ ችግሮቹ። የመጀመሪያው ሰዓት ነው። ትኬት የሚጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነው። አንድ የቅርብ ዘመዴ ትኬቱ ላይ 7:10 የሚል አይቶ፣ ምሳውን ቀደም አድርጎ በልቶ፣ 5 ሰዓት ላይ ቦሌ ደረሰ። ቀድሞ በመድረሱ ኩራት ቢጤ ተሰምቶታል። አውሮፕላኑ ግን ከጠዋቱ 1:10 ተነስቶ፣ ላሊበላ ደርሶ ተመልሷል። ለአባቶችና ለእናቶች ትኬት ስትልኩ ሰዓቱን በአማርኛ ጽፋችሁ ላኩላቸው።

ቀኑም ያምታታል። ገና በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ታኅሣሥ 29 ነው። ጳጉሜን 6 በሆነችበት ማግስት፣ ማለትም በዘመነ ዮሐንስ፣ 28 ላይ ይውላል። 2016 እንዲያ ነበር፤ 2020ም እንዲያ ይሆናል። በፈረንጅ አቆጣጠር ግን ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት በተቃራኒው ነው፤ በእኛ ሁልጊዜ ጥር 11፣ በፈረንጁ አንዳንዴ 19 አንዳንዴ 20። ሁለቱን ካሌንደር ጎን ለጎን ሳታስቀምጡ ትኬት አትቁረጡ።

ሁለተኛው ችግር ለውጥ ነው። አየር መንገዶች ፕሮግራማቸውን በዓመት ሁለት ጊዜ ይገለብጣሉ፤ በመጋቢትና በጥቅምት አካባቢ። በነሐሴ የገዛችሁት የታኅሣሥ ትኬት ሰዓቱ ሊነካ ይችላል። መልእክቱ የሚሄደው ትኬቱ ላይ ወደተመዘገበው ስልክ ነው። ወኪል ካስቆረጣችሁ ብዙ ጊዜ የተመዘገበው የወኪሉ ስልክ ነው። እናንተ ተኝታችሁ መልእክቱ ወኪሉ ጋ ይጮኻል። የራሳችሁን ቁጥር አስገቡ። ከመነሻችሁ አንድ ቀን በፊትም ደውላችሁ አረጋግጡ።

ሦስተኛው አየሩ ነው። በተራራ የተከበበ ሜዳ ነው፤ ክረምት ላይ ደመናው ዝቅ ይላል። እኔ አንድ ሐምሌ ላይ የእህቴ ልጅ ክርስትና እሑድ ነበር። ቅዳሜ መመለስ ስችል «አንድ ሌሊት ልጨምር» ብዬ የእሑድ ጠዋት በረራ ያዝኩ። ድግሱ ለምሳ ነው፤ በደንብ እደርሳለሁ። ሹምሸሃ ስንደርስ ተራራው የለም፤ ደመናው በልቶታል። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት፣ አራት ሰዓት እያለ ሰዓቱ ነጎደ። አንዲት አሮጊት መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ «ልጄ፣ ምን ያስቸኩልሃል? ቢጠራ ይወስደናል» ይሉኛል። ከሰዓት በኋላ ጠራ። አዲስ አበባ ስገባ ከድፎ ዳቦው የቀረችልኝ ጠርዟ ነበረች። ጥፋቱ የኔ ነው። ከዚያ ወዲህ ለማንም የምለው አንድ ነገር ነው። ከላሊበላ የምትመለሱበትን ቀን ከሌላ ትልቅ ጉዳይ ጋር አታጋጩት።

በተለይ ከውጭ የመጣችሁ ስሙኝ። ጠዋት ከላሊበላ ተነስቼ ማታ ወደ ዱባይ፣ ወደ ሮም፣ ወደ ዳላስ እበራለሁ የሚለው ስሌት ወረቀት ላይ ያምራል። አንድ ሌሊት አዲስ አበባ እደሩ። ሁለቱንም በአንድ ትኬት ካስያዛችሁት ይሻላል። የመጀመሪያው ቢዘገይ ቀጣዩን የሚያስተካክልላችሁ አየር መንገዱ ነው። ለየብቻ ከተገዛ ግን ሁለተኛውን ለመያዝ መሯሯጡ የእናንተ ጣጣ ይሆናል።

ዋጋውን በቁጥር አልጽፍም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የተጻፈ ዋጋ ሁሉ ቶሎ ያረጃል። ግን ሁለት ነገር ልበል። የውጭ ፓስፖርት የያዘ ሰው አገር ውስጥ በረራ ላይ ከነዋሪው የበለጠ ይከፍላል። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው በኢትዮጵያ አየር መንገድ ከሆነ ደግሞ የአገር ውስጡ ትኬት ቅናሽ አለው። ስለዚህ በሌላ አየር መንገድ በርካሽ መጣሁ የሚል ሰው የአገር ውስጥ በረራውን ደምሮ ያስላ። ሁለትና ሦስት ከተማ የሚዞር ቤተሰብ ከሆነ ያ «ርካሽ» ውድ ሊሆን ይችላል። የትውልደ ኢትዮጵያ ቢጫ ካርድ ያላችሁም በየትኛው ዋጋ እንደምትስተናገዱ ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ። ስማችሁ ደግሞ ትኬቱና መታወቂያው ላይ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ይሁን። «ፀሐይ» የሚለው ስም በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ታውቃላችሁ።

ባሕር ዳር ወይም ጎንደር አርፎ በመኪና

ይህ በሰላሙ ጊዜ እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ነበር። ባሕር ዳር ትልቅ አየር ማረፊያ ነው። በረራው በቀን ደጋግሞ ነው፤ አንዱ ቢያመልጥ ሌላ አለ። ወደ ላሊበላ የሚሄደው በረራ ቀኑ አልገጥም ሲል ወይም ሲሞላ ቀድሞ የሚታሰበው ይሄ ነው።

ከባሕር ዳር ላሊበላ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ይታጠፋል። የፎገራን የሩዝ ማሳ ትታችሁ ወደ ደብረ ታቦር ትወጣላችሁ። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት አለ፤ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩበት ቦታ። ከዚያ የጉናን ተራራ ሥር ይዛችሁ ነፋስ መውጫ። ስሙ ዝም ብሎ የወጣ አይደለም፤ መስኮት ከፍታችሁ ሞክሩት። ከዚያ ጋሸና። ጋሸና ላይ ከዋናው መንገድ ወጥታችሁ ወደ ሰሜን 64 ኪሎ ሜትር ጠመዝማዛ ወደ ላሊበላ ትወርዳላችሁ። ሁሉ ነገር ሰላም ከሆነ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት ይፈጃል። በረራውን ጨምሮ ቀኑ ሙሉ በጉዞ ያልቃል።

ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጣና ገዳማትን፣ ጢስ ዓባይን፣ ላሊበላን በአንድ ጉዞ ታያላችሁ። በረራ ቢሰረዝ ለመውጫም ያገለግላል። ጉዳቱ ደግሞ ዛሬ ከጥቅሙ ይበልጣል። መንገዱ አንዳንዴ ይዘጋል። ኬላ ይበዛል። በመንገድ ላይ ሰው የታገተበት ጊዜ አለ። ይህን ሳልነግራችሁ «እይታው ያምራል» ብዬ ብልካችሁ እኔ ሰው አይደለሁም።

ስለዚህ በዚህ መንገድ ለመሄድ የምታስቡ ከሆነ የምትጠይቁት ሰው ይለይ። አዲስ አበባ ያለ አስጎብኚ ሳይሆን በዚያ ሳምንት በዚያ መንገድ የነዳ ሾፌር ጠይቁ። የላሊበላ ሆቴላችሁንም ጠይቁ። ሁለቱ «ሰላም ነው» ካሉ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ተነሱ፤ ከመምሸቱ በፊት ግቡ። አንዱ እንኳ «እንጃ» ካለ ቅሩ። «እንጃ» በሾፌር አፍ «አይሆንም» ማለት ነው። የውጭ ፓስፖርት ያላችሁ ደግሞ አንድ የማይታሰብ ጉዳይ አለ። መንግሥታችሁ ወደ አካባቢው አትሂዱ የሚል ማሳሰቢያ አውጥቶ ከሆነ የጉዞ ኢንሹራንሳችሁ ላይሠራ ይችላል። ውሉን አንብቡት። ይህ በመኪና ብቻ ሳይሆን በአውሮፕላን ለሚሄደውም ነው።

ጎንደር ያው ነው፤ መንገዱ ትንሽ ይረዝማል። በጥር ለጥምቀት ጎንደር ሆናችሁ ላሊበላን ማስከተል የምትፈልጉ ካልሆነ ከባሕር ዳር የሚመረጥበት ምክንያት አይታየኝም።

ኮምቦልቻ

ይህን ብዙ ሰው አያስበውም። የኮምቦልቻ አየር ማረፊያ ለደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቅርብ ነው። ከዚያ ወልድያ፣ ከወልድያ ጋሸና፣ ከጋሸና ላሊበላ፤ በጠቅላላ ከ300 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ አብዛኛው ዳገትና ቁልቁለት ነው። በረራው እንደ ባሕር ዳር አይበዛም። ለላሊበላ ብቻ ብሎ በዚህ የሚገባ ሰው ጊዜውንም ወገቡንም ያደክማል።

ግን ለወሎ ልጅ ሌላ ነው። ደሴ እናቱ፣ ወልድያ አክስቱ ያሉት ሰው ከዚህ የተሻለ መግቢያ የለውም። ደሴ አንድ ሌሊት፣ ሐይቅ እስጢፋኖስን ተሳልሞ፣ ወልድያ ምሳ በልቶ ይቀጥላል። መመለሻውን ደግሞ በቀጥታ ከላሊበላ በአውሮፕላን ያደርገዋል። በአንድ በር ገብቶ በሌላ መውጣት ማለት ይሄ ነው፤ ሁለት ነጠላ ትኬት መቁረጥ ብቻ ነው የሚጠይቀው። የመንገዱ የጸጥታ ነገር ከላይ ያልኩት ነው፤ አልደግመውም።

አውቶቡስ

አውቶቡስ የሚመርጥ ሰው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ብሩ ያልበቃው፣ አንዱ ደግሞ ስለቱ በመንገድ የሆነ። ሁለተኛውን አትከራከሩት። በእግሩ የሚመጣም አለ። የገና ሰሞን ቀናትን በእግር ተጉዞ፣ ነጭ ለብሶ፣ ስንቁን አዝሎ የሚገባው ሕዝብ ላይ እኛ ስለ በረራ መዘግየት ስናማርር ያሳፍራል።

ከአዲስ አበባ በደሴ በኩል 700 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ቀን ይዛችሁ ተነሱ። መነሻው ሌሊት 11 ሰዓት አካባቢ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ያነቃችኋል። ከጣርማ በር ዋሻ ስትወጡ መሬቱ ድንገት ከሥራችሁ ይጠፋል፤ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ነው። ሸዋ ሮቢት ጃኬት ታወልቃላችሁ። ከሚሴ ሙቀቱ ይብሳል። ደሴ ስትገቡ እንደገና ትለብሳላችሁ። አዳር ደሴ ወይም ወልድያ ነው። በማግስቱ ጋሸናን አልፋችሁ ላሊበላ። ከወልድያ በድልብና በኩልመስክ የሚያቋርጠውን መንገድ የሚመርጥ ሾፌርም አለ፤ እሱን ለሾፌሩ ተዉት።

እስከ ደሴ ባለው መንገድ ጥሩ መቀመጫ ያላቸው አውቶቡሶች አሉ። ከዚያ በኋላ ሚኒባስና የሕዝብ ማመላለሻ ነው። ሚኒባሱ ሳይሞላ አይነሳም። «አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረን» የሚለውን ረዳት አትመኑ። አንድ ሰው ሲገባ ሌላ አንድ ሰው ይቀራል።

ዋጋው ከአውሮፕላኑ በብዙ ያንሳል፤ ይህ አያከራክርም። ግን የመንገድ አዳር፣ ምግብና ሁለት የሥራ ቀን ደምሩበት። በመመለሻው ሌላ ሁለት ቀን አለ። የአምስት ቀን እረፍት ያለው ሰው አራቱን መንገድ ላይ ካሳለፈ ላሊበላ የቀረው አንድ ቀን ነው። 11 ቤተ ክርስቲያን በአንድ ቀን ይታያል? ይሮጥበታል እንጂ አይታይም።

አውሮፕላን መከራየት

ለማሟላት ያህል ላንሳው። ቦሌ ላይ ትንንሽ አውሮፕላን የሚያከራዩ የግል ድርጅቶች አሉ። ስምንት ወይም አሥር ሆኖ ለሚካፈል፣ ቀኑን ራሱ ለሚወስን ቡድን ይሆናል። ለሁለት ሰው አይታሰብም። ቡድን ከሆናችሁ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ አውሮፕላኑ ላሊበላ አድሮ ይጠብቃችኋል ወይስ ባዶውን ተመልሶ እንደገና ይመጣል? ዋጋውን ከፍ የሚያደርገው ይኸው ነው።

እና የትኛውን ልያዝ?

እናቷን ለያዘችው ልጅ ቀጥታ በረራ አልኳት፤ ያለ ክርክር። እናቶች ስድስት ሰዓት መኪና ላይ ተቀምጠው ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን ድንጋይ ደረጃ መውረድ ይከብዳቸዋል። የገናን ሰሞን ከፈለገች ዛሬ ነገ ሳትል ትቁረጥ። ቦታው አይጠብቃትም፤ ሆቴሉም ጭምር። እኔ ብሆን ግን እናቴን ለገና አልወስድም። ሕዝቡ ይገፋል፣ ማደሪያው ውድ ነው፣ ሌሊቱ ብርድ ነው። ኅዳር ላይ ወስጃት በእርጋታ ትሳለም ነበር። «ቤዛ ኩሉ» የሚባለው የገና ዝማሬ ሳይሰማ ላሊበላ ምን ሊሆን ነው የሚል ሰው አለ። እውነት አለው። በገና ጠዋት ካህናቱ ከላይ ከገደሉ ጫፍ ዙሪያ፣ ከታች ከቤተ ማርያም ግቢ ሆነው ሲቀባበሉት የሰማ ሰው ይህን ምክሬን አይሰማም። ያ ቀን ደግሞ የቅዱስ ላሊበላ ልደትም ነው።

ከዋሽንግተን ለመጣው፣ ሦስት ሳምንት ላለው፣ ላሊበላን በመጀመሪያው ሳምንት አስገባው፤ መጨረሻ ላይ አታድርገው አልኩት። መጀመሪያ ላይ ከሆነ በረራ ቢስተጓጎል የሚጎዳው ፕሮግራም የለም፤ ሌላው ይገፋል። መጨረሻ ላይ ከሆነ ግን የሚገፋው የአሜሪካ ትኬቱ ነው። ሰው ሁሉ «ምርጡን ለመጨረሻ» ይላል። በላሊበላ ጉዳይ ይህ አይሠራም።

ካሜራ ላነገተው ልጅ ሂሳብ ሠራንለት። በአውሮፕላን ሂድ፣ በመኪና ተመለስ፤ መኪናውን ደግሞ እዚያ ሆነህ፣ መንገዱን ከሰው አጣርተህ ያዝ። ካልሆነልህ በአውሮፕላን ትመለሳለህ። ለዚያ የሚሆን ብር ግን ከጉዞው ገንዘብ ለይተህ ቴሌብር ላይ አስቀምጥ። አትንካው። ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ፎቶ ከፈለግህ ቅዳሜን እዚያ ሁን።

ለመመለሻ አንድ የቀረች ነገር። ከላሊበላ ባዶ እጁን የሚመለስ የለም። ጸበል ይቀዳል፣ የላስታ ማር ይገዛል። «ላሊበላ» ማለት ንብ ግዛቱን አወቀች ማለት ነው ሲባል ሰምቶ ማሩን የሚተው ማን አለ? ሹምሸሃ ፍተሻው ጋ ስትደርሱ ግን ማርም ጸበልም ፈሳሽ ነው። በእጅ ቦርሳ ከያዛችሁት እዚያው ቀርቶ ትሄዳላችሁ። አንዲት ሴትዮ አምስት ሊትር ጸበል ይዘው ፈታሹን ሲለማመኑ አይቻለሁ። በመጨረሻ ክዳኑን ከፍተው በር ላይ የነበርነውን ሁሉ ረጩን፤ ዘበኛውንም ጭምር። ጀሪካኑን የክዳኑን አፍ በፕላስተር ዙሩት፤ በፌስታል ሁለት ጊዜ ጠቅልሉት፤ በልብስ መሐል አድርጋችሁ ከሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ክተቱት። ማሩን ደግሞ ለብቻው፣ ከነጩ ነጠላ አርቁት።